የመሪጌታ አካለ ወልድ በረዶ

መሪጌታ አካለ ወልድ በመርጡለ ማርያም ሠላሳ ዓመት ዜማ ሲያስተምሩ ጀርባቸውን ያማቸው ነበር። ሰው ሁሉ "የመቆም ብዛት ነው" አላቸው፤ እሳቸውም አመኑ። በ2005 ዓ.ም. ግን ደብረ ማርቆስ ነርስ የሆነችው ልጃቸው የኔአለም አዲስ አበባ ወስዳ ብታስመረምራቸው የመቅኒ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወራት መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ አባትና ልጅ ሕንድ አገር ተሻገሩ።

በዚያ ከገዛ ደማቸው አዲስ መቅኒ የሚያበቅል ሕዋስ፣ የመቅኒ ዘር፣ ተለቅሞ በብርድ ተቀመጠላቸው። ቀጥሎ ብርቱ መድኃኒት ገብቶ መቅኒውን ክፉ ደጉን ሳይለይ ይጠርገዋል፤ ከዚያ የተቀመጠው ዘር ይመለሳል። የቀረው የመድኃኒቱን መጠን መምረጥ ነበር።

ሐኪሙ በየኔአለም አስተርጓሚነት አስረዳቸው። "ለአንድ ካሬ ሜትር ቆዳ ሁለት መቶ ሚሊግራም ወይም አንድ መቶ አርባ እንሰጣለን። ሁለት መቶው በሽታውን ረዘም ላለ ጊዜ ሊያስተኛው ይችላል፤ ግን አፍና ጉሮሮ ይልጣል። አንድ መቶ አርባው ይራራል። እንደ እርስዎ ካሉት ትልቁንና ትንሹን የወሰዱትን ስናወዳድር በሕይወት በመቆየት ብዙም አልተበላለጡም። ኩላሊትዎም ደከም ብሏል። ቢሆንም ምርጫው የእርስዎ ነው።"

"ቆዳዬን እንደ ብራና ሊለኩት ነው?" ብለው ሳቁ መሪጌታ።

የኔአለም አልሳቀችም። "አባባ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን ጎደሎ ይዘን እንመለስ? ትልቁን ይውሰዱ።"

"ልጄ፣ አረም ሲነቅሉ ጤፉን አብረው አይነቅሉም። ድምፄ ከሄደ አገሬ ገብቼ ምን ላስተምር ነው? ትንሹ ይበቃኛል።"

ሞትን ይፈሩ ነበር፣ መዋሸት አይገባም፤ ድምፅ አጥቶ መኖርን ግን አብልጠው ፈሩ። ሐኪሙም በትንሹ ተስማማ።

ቀኑ የዐቢይ ጾም ዓርብ ጧት ሆነ። ነርሷ መድኃኒቱን አንጠልጥላ፣ አንድ ሳህን ሙሉ የተፈጨ በረዶ አቀረበችላቸው። አፍ ከቀዘቀዘ መድኃኒቱ ወደዚያ እምብዛም አይደርስም፤ አፉም አይቆስልም።

"ሰዓቱ መች ደረሰና?" አሉ መሪጌታ። ጾም እስከ ዘጠኝ ነው፤ ያውም እሳቸው በሕንድ ሰዓት አይገዙም፤ እህል የሚቀምሱት በመርጡለ ማርያም ፀሐይ ነው።

"ግሉኮሱንስ ሲወስዱ አድረው የለ?" አለች የኔአለም።

"እሱ በክንድ ገባ እንጂ በአፌ አላለፈም።"

የኔአለም እጇን በራሷ ላይ ጫነች። "ለጉሮሮዬ ብለው ትንሹን መረጡ፤ አሁን ያንኑ ጉሮሮ በገዛ እጅዎ ሊያስልጡት!" ነርሷ ሰዓቷን አየች። መድኃኒቱ አንዴ ከተበጠበጠ ብዙ አይቆይም፤ ይደፋል።

ሌላ መላ ስለጠፋ የኔአለም ለንስሐ አባታቸው ለአባ ገብረ ኪዳን ደወለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው የቆሎ ተማሪ የነበሩ ናቸው። አባ ነገሩን ሲሰሙ ጮኹ።

"አካለ ወልድ! በረዶውን ብላ ብያለሁ!"

"ጾሙስ አባ?"

"ቀኖናውን እኔ እሰግድልሃለሁ፤ በቀን አርባ። አሁን አፍህን ክፈት!"

የንስሐ አባት ካዘዘ ክርክር የለም። መሪጌታ አማትበው ጎረሱ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ዓይናቸው እያነባ ሳህኑን ጨረሱት። የኔአለም ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

እሑድ ዘራቸው ተመለሰላቸው። ከዚያ ጢማቸው ረገፈ፣ እህል ሸተታቸው፣ ሁለት ቀን ትኩሳት አንቀጠቀጣቸው። የኔአለም ከመስታወቱ ማዶ ሆና ድንግልን ተማጠነች። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ደማቸው አገገመ። ነርሷ ባትሪ አብርታ አፋቸውን ብታይ ቁስል የለም።

መሪጌታ ስልክ ለመኑ። አባ ገብረ ኪዳን ገና ሲያነሱት፣ መሪጌታ ሰላም ሳይሉ አንድ ሐረግ ዜማ አወጡ። ድምፁ መጀመሪያ ሻከር ብሎ ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ቀና። ከወዲያ ማዶ የሚሰማው ቁና ቁና መተንፈስ ብቻ ነበር።

"አባ፣ ሰሙኝ?"

"ሰማሁህ" አሉ አባ ገብረ ኪዳን። "ሠላሳ ሁለተኛው ስግደት ላይ ነበርሁ፤ ቁጥሩን አጠፋህብኝ።"

"ይተውት እንግዲህ፤ ደህና ነኝ።"

"ዝም በል! አንተ ዜማህን ቀጥል፤ እኔ ከአንድ እጀምራለሁ።"