የአስካለ ጎመን

አስካለ የበደለችኝ ባለቤቴ በሞተበት ሳምንት ነው። ሪችፊልድ የሚባል ከተማ ያለው ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። እኔ መኝታ ቤት ጋደም ብዬ ሳለ ድምጿ በበሩ ክፍተት ገባ። «በቁሙ ፊት የነሳችውን ሰውዬ ዛሬ ታለቅስለታለች» አለች። ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን ሲያፍኑ ሰማሁ። መስማቴን አላወቀችም። እኔም በኋላ ያደረግኩባትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም እንኳ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ።

አስካለ ከሴንት ፖል ከተማ በስተደቡብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ገጠር፣ መሬት ተከራይታ ጎመንና ቃሪያ ታመርት ነበር። ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከእሷ ነበር የሚገዙት። ከለቅሶው በኋላ ኮሮና ሲመጣ ምግብ ቤቶቹ ተዘጉና ጎመኑ ማሳው ላይ ቀረ። ያኔ ነው በወረርሽኙ ለከሰሩ ገበሬዎች መንግሥት ድጎማ ይሰጣል የሚባል ወሬ የመጣው። እሷ እንግሊዝኛ አይሆንላትም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሆስፒታል ውስጥ ሳስተረጉም የጨረስኩ ነኝ። ማስኳን አድርጋ፣ አንድ ፌስታል ጎመን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

ወደ ካውንቲው፣ ማለት ወደ ወረዳው፣ የእርሻ ቢሮ ደወልንና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። ያነሳችው ሴትዮ ጥሩ ሰው ነበረች። ምን ያህል እንደምታመርት ጠየቀች። አስካለ ሳቅ ብላ፣ «ምን ምርት አለ ብለሽ ነው እትዬ፤ ተመስገን ነው፣ ለቤት ያህል ነው» አለች።

እናንተ ታውቁታላችሁ። ከእኛ ሰው መሀል ስለ አዝመራው ተጠይቆ «ብዙ ነው» የሚል ማን አለ? ዓይን ይፈራል፤ ጉራም ይመስላል። እኔም አውቀዋለሁ። ስንቱ በሽተኛ በሕመም እየተቃጠለ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ሲል፣ እኔ ነኝ ለሐኪሙ «ይህ ሰላምታ ነው፣ እንደገና ይጠይቁት» የምለው። እንጀራዬ እኮ ይኸው ነበር።

ለአስካለ ግን፣ «ለቤቷ ብቻ ነው የምታመርተው» አልኩ። ያለችውን ነው የተረጎምኩት እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ! «ብቻ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ተጠራጥራ፣ «እና አትሸጥም ማለት ነው?» አለችኝ። አስካለን ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። «አዎ፣ አትሸጥም» አልኩ።

አስካለ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «ምን አለች?»

«ለእንደኛ ዓይነቱ አይሰጥም አለች።»

«ይሁና፤ መቼ አዲስ ነገር ሆነብን። እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አደከምኩሽ» አለችና ጎመኑን ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች።

ተናድጄ ነው ልበል? አልተናደድኩም። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሌሎች ገበሬዎች ድጎማውን መቀበላቸውን ስትሰማ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስቁማ ጠየቀችኝ። «የእነሱ ሌላ ነው» አልኳት። አመነችኝ። በዓመቱ መሬቱን ለቀቀች። አሁን ሴንት ፖል ውስጥ ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛት እግሯን እየጎተተች ነው።

ይህ ሁሉ ለቅሶ ቤት ለወጣች አንዲት ቃል ነው? ደግሞስ ቃሏ ውሸት ነበር? ባለቤቴን በቁሙ ፊት ነስቼዋለሁ። ያንገበገበኝ ስሜን ማጥፋቷ አይደለም፤ እውነቱን ማወቋ ነው።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። የበደልኩት እሷን ነው፤ እሷን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ያን ቀን በሩን ከኋላዋ ዘጋሁ። ጎመኑን አጠብኩት፣ ከተፍኩት፣ ሠርቼ በላሁት።