የእኔ ወስፌና የጎረቤቴ ቅልጥም

እስራኤል መጥተን አሽቀሎን ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ግቫት ጺዮን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ቀለሙ በተላላጠ አሮጌ ሕንጻ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቤት ሰጥተውናል። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃውን ወርጄ ልወጣ ስል መግቢያው አጥር ላይ ሁለት ትልልቅ የቆዳ ነገሮች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው አየሁ። ቢያቆሟቸው ከመሬት እስከ ታፋዬ ይደርሳሉ። ወፋፍራም ናቸው፤ ከጀርባቸው ጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ስፌቱ በተተረተረበት በኩል ጥቁር የፈረስ ጸጉር ብቅ ብሏል። እኔ ኮርቻ ሰሪ ነኝ፤ አባቴም ኮርቻ ሰሪ ነበር። ቆዳና ጠፍር ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እየገለበጥኩ ሳይ፣ እየዳበስኩ ሳሸት አውቶቡሱ አመለጠኝ። ይህን የሚለብሰው እንስሳ ምን ዓይነት ይሆን እያልኩ ነው ሥራ የገባሁት።

ሥራዬ ካርቶን ፋብሪካ ሳጥን ማጣጠፍ ነበር። ሥራ የምታስይዘው ሴትዮ ሙያዬን ስትጠይቀኝ አስተርጓሚው "ለበቅሎ ኮርቻ ይሰፋል" አላት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፈገግ አለች። ክፋት አልነበራትም፤ አሽቀሎን ውስጥ በቅሎ ከየት ይምጣ? ወረቀቱ ላይ "ሙያ የለውም" ብላ ጻፈች። እኔም እሺ ብዬ ፈረምኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ አርሯል። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ በኮቴ ኪስ ይዣት የመጣሁት ንብረት አንዲት ወስፌ ብቻ ነበረች፤ እሷም ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር ተኝታ ነበር።

ማታ ስመለስ ዕቃውን የሚያነሳ ሰው አገኘሁ። ከላያችን ያለው ጎረቤት ነው፤ ከሩስያ አገር የመጣ፣ እኔን የሚያህል እድሜ ያለው፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንደኛው ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው። ብየዳ ነበር የሚሠራው። እሱ ከዕብራይስጥ አርባ ቃል ያውቃል፤ እኔም አርባ አውቃለሁ፤ ችግሩ አርባዎቹ አንድ አለመሆናቸው ነው። ወደ ዕቃው ጠቁሜ "ሱስ?" አልኩት፤ ፈረስ ማለቴ ነው። ሰውዬው ሳቀ። እየሳቀ አንዱን ቆዳ አንስቶ እግሩ ላይ አሰረው፤ ጎንበስ አለ፣ እጁን ዘረጋ፣ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። እንስሳው ራሱ ነበር ለካ።

አጥሩ ላይ የተደገፈ ቆልማማ ዱላ አንስቶ ሲያሳየኝ የገና ጨዋታ ትዝ አለኝና ገባኝ። እኛ አገር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለበዓላቸው በቆልማማ ዱላ ሩር የሚማቱትን ማለቴ ነው። እነዚህ ደግሞ በረዶ ላይ፣ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ይጫወቱታል። ሆኪ ይባላል። እሱ በረኛ ነው። የሚመታውን ነገር ሊያሳየኝ ቤቱ አስገባኝ፤ ሻይባ ይሉታል፤ መዳፍ የሚሞላ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ነው። በእጄ መዘንኩት። "ይህ እኮ ድንጋይ ነው" አልኩ በአማርኛ። ያልኩት ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ።

ሚስቱ በዕብራይስጥ ከሁለታችንም ትሻላለች፤ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነበር የምትሠራው። ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። በአገሩ ሃያ ዓመት በር ጠብቋል። እዚህ አርብ አርብ ጠዋት ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ወደ ሰሜን ርቆ ወዳለ የበረዶ አዳራሽ ይሄዳል። ዕቃው አርጅቷል፤ አዲስ መግዛት ደግሞ የማይታሰብ ነው። "አንድ ጊዜ" አለች ጣቷን አቁማ። "አንድ ጊዜ እግሩ ተጎድቶ ቢመጣ ይህ ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። የታመመ በቤቴ አላስታምምም፤ በሥራዬ ይበቃኛል።" እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። ይህ ትልቅ ሰው፣ ያ ዕቃ ከተጣለ ምን እንደሚቀረው ፊቱ ላይ አነበብኩት። እኔ ቀምሼዋለሁና አዘንኩለት። ዕቃውን ከእጁ ወስጄ "አኒ" አልኩት፤ እኔ እሠራዋለሁ ማለቴ ነው።

ቆዳው መጥፎ አልነበረም። ጸጉሩ ግን ላብና በረዶ ጠጥቶ ተቋጥሯል፤ ግማሹ ረግፏል። ለአሽቀሎን ሰው የፈረስ ጸጉር ከየት ይመጣል? አቲቆት በሚባለው ሰፈር በኩል ሳልፍ አንድ ሕንጻ ሥር የተጣለ የድሮ ሶፋ አየሁ። መቀመጫውን በቢላ ሰነጠቅ አድርጌ እጄን ስከት፣ ጸጉር! የትም የማይገኝ ጥሩ ጸጉር። ሁለቱን መቀመጫ ተሸክሜ በዋናው መንገድ መጣሁ። ሰው ያየኛል፤ ይየኝ። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ከሰው ቆሻሻ ምን ለቅመህ ነው የመጣኸው?"

"ጸጉር ነው።"

"የማን ጸጉር?"

"የፈረስ።"

"ፈረሱስ የት አለ?"

"ላይኛው ፎቅ" አልኳት። በሳቅ ወደቀች። በኋላ ግን ጸጉሩን በሳሙና ያጠበችው፣ ሰገነቱ ላይ ዘርግታ ጣት በጣት ያፍታታችው እሷ ናት።

እንግዲህ ስህተቴን ልናገር። የበቅሎ መደላድል ሲሞላ ሕግ አለው፤ አባቴ በወስፌው እጀታ ጣቴን እየኮረኮመ ያስተማረኝ ሕግ ነው። አጥንት አይነካም። ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም ትራስ ትሠራለህ፤ መሐሉን ቦይ አድርገህ ክፍት ትተዋለህ። የበቅሎዋ አከርካሪ በቦዩ ያልፋል፤ ጭነቱ ሥጋዋ ላይ ይቀመጣል። ቦዩን የረሳ ሰው እንስሳዋን ገጣባ አደረጋት ማለት ነው። የጎረቤቴን ቅልጥም ስዳብስ ደግሞ ሥጋ የለውም፤ ስለታም አጥንት ነው። እጄ ራሱ ያውቃል፤ አላማከረኝም። ግራና ቀኙን ጢም አድርጌ ሞላሁ፤ መሐሉን ከላይ እስከ ታች ቦይ አወጣሁለት። ስፌቱን ብታዩት! በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አልሠራሁም። ጎረቤቴ አስሮ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ አጎነበሰ፤ ቀለለው፣ ተመቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ኮል ሃካቮድ" አለኝ፤ ክብር ይገባሃል ማለቱ ነው። እኔም ተኮፈስኩ፤ መኮፈስ እወዳለሁ።

አርብ ቀትር ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ ከመስኮት አየሁት። አንድ እግሩን እየጎተተ ነው። ሮጬ ወረድኩ። ሱሪውን ወደ ላይ ሲሰበስበው ቅልጥሙ መሐል ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ከቦዩ ትክክል። "ሎ ኖራ" አለኝ፤ ምንም አይደለም፣ ችግር የለውም እንደማለት ነው። ሚስቱ መጣች። ዕቃውን ከትከሻው ላይ አውርዳ ሄዳ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረችና እጇን አራግፋ ገባች። እሱም ተከትሏት ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። ወደ እኔ ዞር አላለም።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ዕቃውን ከቆሻሻው አውጥቼ ቤቴ አስገባሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ያጠፋሁት ወዲያው ነው የገባኝ። በቅሎ ላይ ጭነት ከላይ ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ይጫናል። ሻይባ ግን ከፊት ይመጣል፣ አንዴ ይመታል፣ ይሄዳል። የሚመታው ደግሞ መሐሉን ነው። እኔ መሐሉን ባዶ ትቼ ጎንና ጎኑን ጠብቄለታለሁ። በአርባ ምናምን ዓመቴ ሰውን እንደ በቅሎ ቆጥሬ ለጉዳት ዳረግኩት።

ቀጥሎ በነበሩት ሳምንታት ደረጃ ላይ ስንገናኝ "ሻሎም" ይለኛል፤ "ሻሎም" እለዋለሁ። ስለ ዕቃው አይጠይቅም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አርብ ጠዋት ጓደኞቹ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሄዱ እሱ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ እተረትራለሁ፣ እሞላለሁ። ቦዩን ደፈንኩት። ከፊት የሶፋ ስፖንጅ፣ ከሱ ሥር ጸጉር፣ ከሱ ሥር ድርብ ቆዳ። ወስፌዋ እስክትጎብጥ ጠቀጠቅኩት። ቦይ የሚባል ነገር ሁለተኛ አልሠራም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሲያልቅ ይዤ ላይ ወጣሁ። ባልና ሚስቱ በር ላይ ቆመው አዩት። ያጠፋሁትን ለማስረዳት በጣቴ መሐሉን ከላይ ወደ ታች አሰመርኩ። "ቦይ" አልኩ። የዕብራይስጡን ስም ከየት አምጥቼ? "ቦይ። የእኔ ጥፋት። ቦይ የለም አሁን።" እሱ እጁን ወደ ዕቃው ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። እግሩን አምኖ አልሰጠኝም። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አላምንም። ያኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ዕቃውን የራሴው እግር ላይ አሰርኩና "ና ምታኝ" አልኩት።

መኪና ማቆሚያው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። የሕንጻው ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። ባለቤቴ ከላይ "ኧረ ይኼ ሰው አብዷል!" ትላለች። ጎረቤቴ ዱላውን ይዞ ሻይባውን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠ፤ አይ ምት! ሕፃን እንደሚያጫውት ቀስ አድርጎ ላካት፤ እግሬ ሥር መጥታ ቆመች። "በምር" አልኩት። ደግሞ ቀስ አደረጋት። አልቻለም፤ አንጀቱ እምቢ አለው። ይኼኔ ሚስቱ ዱላውን ከእጁ ነጠቀችው። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አስፋልቱ ላይ ባዶ እግሯን ቆመች፣ አየችኝ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሳምንት ያጠራቀመችውን ንዴት ባንድ ጊዜ ለቀቀችው። ድምፁን ነው የማስታውሰው፤ ዷ አለ። ከቅልጥሜ መሐል። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ ቆሜያለሁ። ሱሪዬን ሰብስቤ አሳየኋት፤ ምንም የለም። ሁለት ጊዜ ደግማ መታችኝ፤ ሦስተኛውን ለማጣራት ሳይሆን ለደስታዋ ነው እላለሁ። ከዚያ ዱላውን ለባሏ መለሰችና "አርብ ሂድ" አለችው።

አብሬው ሄድኩ። በግንቦት ሙቀት ከአሽቀሎን በሸሚዝ የወጣሁ ሰው፣ አዳራሹ ውስጥ ጥርሴ ተንገጫገጨ። በሩ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ፣ እንዴት እንደሚነሳ! ያ የማይታጠፍ ጉልበት በረዶው ላይ የሌላ ሰው ይሆናል። ሰባት አገቡበት። እኔ ግቡን አልቆጠርኩም፤ እግሩን ነበር የምጠብቀው። ሲጨርስ ሱሪውን ሰብስቦ አሳየኝ፤ ንጹሕ። በጣም ደስ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በብርዱ አሳበብኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት በዚያው ዕቃ ተጫወተ። ቆዳው ሲሳሳ እሰፋለታለሁ፤ የደረቱን መከላከያም፣ ጓንቱንም አደስኩለት። አንድ ቀን ታዲያ ከባሕር ማዶ ለአዳራሹ ዕቃ ተለገሰ ተባለ፤ በረኞቹ ገብተው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። እሱ ገና ከላስቲክ ያልወጣ፣ ነጭ፣ ቀላል፣ ውኃ የማይጠጣ መከላከያ ደረሰው። በአንድ እጁ ሁለቱን አንጠልጥሎ ሲመጣ አየሁት። የእኔ አንዱ ብቻ ከሁለቱ ይከብዳል። "ማዛል ቶቭ" አልኩት፤ እንኳን ደስ ያለህ ማለቴ ነው። ከልቤ ነው ያልኩት፤ አዲሱ ይሻላል፣ ዓይን ያለው ሰው ያያል። ቤቴ ገብቼ ግን ወስፌዋን ጠረግኩና መሳቢያው ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ጋር አስቀመጥኳት። ባለቤቴ አየችኝ።

ሁለት አርብ ሄዶበት መጣ። በሦስተኛው ሳምንት በራችን ተንኳኳ። ገባ፤ ያንን ነጭ ዕቃ ጠረጴዛችን ላይ አስተኛው፤ ሱሪውን ሰበሰበ። ከቅልጥሙ አጥንት ላይ ከላይ እስከ ታች ቀይ መስመር ወጥቷል። የምት አይደለም፤ መጫጫን ነው፣ ገጣባ። ከሥሩ ደግሞ የቆየ ጠባሳ ይታያል፤ ለካስ የእኔውም፣ ቦዩን የደፈንኩት፣ እንዲሁ ሲልጠው ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ አልነገረኝም። ዕቃውን ገለበጠው፤ እግር የሚያርፍበት የውስጥ ወገን ወደ ላይ ሆነ፤ ምት የሚመልሰው የፊቱ ወገን ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ከኪሱ ስለታም ቢላ አወጣ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ። ከዚያ በጣቱ የነጩን ጨርቅ መሐል ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አሰመረና፣ በራሴው ቋንቋ፣ "ቦይ" አለኝ።

አንድ ክር ያልተነካ ዕቃ ነው። ባለቤቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ መሳቢያውን ከፍታ ወስፌዋን ይዛ ቆማለች። የውስጡን ጨርቅ ከጉልበቱ ጀምሬ ቀደድኩት።