ጋሽ አሰፋ ለአባቴ የመቱት ማኅተም

ጋሽ አሰፋ አረፉ አሉኝ። «የትኛው አሰፋ?» ብዬ ሦስቴ ጠየቅኩ። የደወለችልኝ ልጃቸው ራሷ ናት፤ አሁንም አልዋጥልኝ ብሏል።

የአንጀት ካንሰር ነው። አባቴን የገደለው ያው።

ለማታውቋቸው፦ በደርግ ጊዜ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበሩ። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ሽንት ቤት በተቀመጠ ቁጥር ደም ያያል፤ አፍሮ ለእናቴም አልነገራትም። «ኪንታሮት ነው» እያለ ከረመ። የእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ሲያቅተው ቀረ።

ሲብስበት ከእናቴ ጋር የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ልንጠይቅ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገልጦ፣ «ስብሰባ ለማይመጣ ሰው ምን ደብዳቤ አለ?» ብሎ አባረረን።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አሰፋ ቤታችን መጡ። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ማኅተሙም ተመቷል።

እናቴ ደንግጣ፣ «ጓድ ሊቀመንበር ፈቀዱ እንዴ?» አለቻቸው።

«እሱን ለእኔ ተዪው። አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂ፤ ሕመም ቀጠሮ አያከብርም።»

ይቺን አባባላቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ለዚያች ማኅተም አስራ አምስት ቀን ቀበሌ ታሰሩ። ከሥራቸውም ተነሱ። አባቴ ግን አልዳነም። ሐኪሙ፣ «ደሙን መጀመሪያ እንዳየ ቢመጣ ኖሮ...» አለ። ከዚያ እኛን ልጆቹን አየንና፣ «እናንተ አርባ ሲሞላችሁ፣ ባያማችሁም ተመርመሩ» አለን።

ጋሽ አሰፋ እንደተፈቱ ለቅሶ መጡ። ጸጉራቸው ተላጭቷል። እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። «ዘገየሁ፣ ይቅር በይኝ» አሏት። እሳቸው!

ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ደም ማየት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸው ነበር። አንጀታቸው በካሜራ እንዲታይ የታዘዘበትን ወረቀት ኮታቸው ኪስ ውስጥ ያገኘችው በቅርቡ ነው። «ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ» አሏት። በጡረታ ብር የሚሆን አይደለም። የሚያግዝ ቦታ ይኖር እንደሆን የጠየቀላቸውም የለም።

ለፋሲካ ብርቱካን ይዤ ገርጂ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ከስተዋል። «ጾሙ ነው» አሉኝ፤ አመንኩ። በዚሁ በሽታ አባቴን የቀበርኩት እኔ!

እኔም አርባን ካለፍኩ ቆየሁ፤ አልተመረመርኩም። ምክር የምሰጥበት አፍ የለኝም። ብቻ ቤታችሁ ደም ያየ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ገንዘብ ካጣ አዋጡለት። እኛ አላደረግነውም።

ጋሽ አሰፋ፣ ለአባቴ ብለው ታሰሩ፤ እኔ ያመጣሁልዎት አንድ ኪሎ ብርቱካን ነው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ነገ እሸኝዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማደርግልዎት ነገር አልቀረኝም።