ለመነሳት የሚበቃ ድምፅ

በዓይን ክሊኒካችን ተራ የሚጠራውን ሰውዬ «ጎታቹ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱ ማይኩ ጋ፣ እኔ ካርድ ክፍል፣ መስታወት ለይቶን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። «ሰባኣኣኣ… አራኣኣት» ሲል ከጉድጓድ ውሃ በገመድ የሚስብ ይመስላል። «አንተ ሰውዬ፣ ቁጥሩን ጨርሰህ ገላግለን እንጂ!» ስለው ይስቅና እንደገና ይጎትታል።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ሥራ ቀለል ብሎልኝ አዳራሹን አየሁ። በሽተኞቻችን አብዛኞቹ ማየት የሚቸግራቸው ሽማግሌዎች ናቸው። «ሰባኣኣ» ሲል ከዘራ ይፈለጋል፣ ጉልበት ይያዛል፤ «አራኣኣት» ብሎ ሲያበቃ ባለ ተራው ቆሟል። ለካ ያ ሁሉ ጉተታ ለመነሻ የሚሆን ጊዜ ኖሯል። በሰጠሁት ስም አፈርኩ፤ ስሙ ግን አንዴ ወጥቶለታል።

ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው አንደኛ ክፍል ያስተማሩትን ሴት አነሳልኝ። ንባብ ላይ ሲጣደፍ፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ቁርስ አልበላህም እንዴ? ፊደሉን እኮ ዋጥከው!» ይሉት ነበር። ክፍሉ ይስቃል፣ እሱም እየሳቀ እንደገና ያነባል።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሰዓት ይዞ ጎታቹ ጀርባ ቆመ። «አንድ ቁጥር ስድስት ሴኮንድ? በዚህ ጊዜ ዜና አንባቢ ግማሽ ዓለም ይዞራል!» አለው። አዲስ ኮምፒዩተርም አስገባ፤ ቁጥር ሁለቴ ተጠርቶ ሰውየው በሩ ላይ ካልደረሰ ማሽኑ ራሱ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያለፈ አይመለስም። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ብዬ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ደመወዝተኛ ሰው ምን ያደርጋል? ጎታቹ ተለማመደ። ሚስቱ እንደነገረችኝ ራት ላይ ሳይቀር ቁጥር ያነበንብ ነበር፤ ልጆቹንም ስማቸውን ቆርጦ መጥራት ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት «ሰባራት» ማለት ቻለ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

ባለፈው ሐሙስ ከሩቅ የሚመጡት የቀዶ ሕክምና ሐኪም የመጨረሻ ቀናቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመለሱት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ጠዋት ከመጡት መካከል አንዲት ቀጭን አሮጊት ነበሩ። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የቀኙን ደግሞ «ዛሬ ካልተሠራ አይተርፍም» ተብሎ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል። ሰባ አራት ቁጥር ደረሳቸው።

«ብቻዎን ነዎት፣ እናቴ?»

«ጆሮዬ አለ የኔ ልጅ። እሱ ይመራኛል።»

ረፋድ ላይ ተራቸው ደረሰ። «ሰባራት። ሰባራት።»

አሮጊቷ ሰምተዋል። ከዘራቸውን በእግራቸው ዳበሱ፣ ወንበሩን ተደግፈው በግማሽ ተነሱ። ጎታቹ አንገቱን አውጥቶ አያቸውና ፊቱ ልውጥ አለ። «ቲቸር!» አለ። ማይኩ ስለተዘጋ ከእኔ በቀር የሰማው የለም። ስክሪኑ ሰባ አምስት ላይ ደርሷል። ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነው፤ እኔም በኔ በኩል ሞከርኩ። «ያለፈ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሮጥኩ። «ለአንድ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው» አለኝ። ሐኪሙ በር ላይ ነርሷ ዝርዝሩን አየችልኝ፤ ቦታቸው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። ተናደድኩ፣ ለመንኩ፣ መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም አልረዳኝም።

ስመለስ ጎታቹ ወንበሩን ትቶ አዳራሹ ውስጥ ተንበርክኮ አገኘሁት። የአሮጊቷን እጅ ይዟል። ማን እንደሆነ ለመናገር አፍሯል።

«ይቅርታ፣ እናቴ፣ ተራዎ… አልፏኣኣል» አላቸው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው እየጎተተ። «ሐኪሙ ከስምንት ወር በኋላኣኣ ነው የሚመጡት።»

 አሮጊቷ በቀረችው ዓይናቸው ፊቱን ለማየት ጎንበስ ብለው ጉንጩን ዳበሱት።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ዛሬ ቁርስ አልበላህም እንዴ?»