ቅቤ የተቀባው የኑግ መጭመቂያ

የቡልጋሪያው የዘይት መጭመቂያ አምቦ ሲገባ አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሁለቱ ወዳጅ አገሮች የኢንዱስትሪ ትብብር የመጣ ነው ተባለ። ለእኔ ግን ተአምር ነበር። እናቴ አንድ ጠርሙስ ዘይት ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ኑግ ስትወቅጥ አድጌ፣ ይኼ ብረት ኩንታሉን እንደ ቆሎ ሊቆረጥመው መጣ! ቡልጋሪያ ተልኬ የሠለጠንኩት እሱን ላንቀሳቅስ ስለነበር፣ አጠገቡ ስቆም መሬት አልበቃኝም።

በምረቃው ቀን መራቂው የአገር ሽማግሌው አባቴ ነበር። እርጥብ ሳር ይዞ ይመርቃል ብለን እንጂ ሌላ ነገር ማን አሰበ? እሱ ግን ትብብር የተባለውን ነገር በራሱ መንገድ ጋብቻ አድርጎት ኖሯል። ሙሽራ ደግሞ ቅቤ ሳትቀባ ቤት አትገባም። "ሆራ ቡላ! ርቡ፣ ክበሩ!" እያለ ቅቤውን አወጣና፣ ጉልበቱ ያለው እዚያ መስሎት፣ ከሞተሩ ወደ መጭመቂያው የሚሄደውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ለቀለቀው። እኔ ማብሪያው ጋ ስለነበርኩ የቱን እንደቀባ አላየሁም፤ ከሕዝቡ ጋር አጨበጨብኩ።

ሞተሩ ተነሳ፤ መጭመቂያው ንቅንቅ አላለም። ቺንጋው ቅቤው ላይ ይንሸራተታል።

"ይኼ የኢኮኖሚ ሻጥር ነው!" ብሎ የአውራጃው ካድሬ የአባቴን ክንድ ጨበጠ። በዚያ ዘመን ይህ የተባለ ሰው ቤቱ ላይመለስ ይችላል።

መጭመቂያውን ሊተክል አብሮ የመጣው ቡልጋሪያዊ መሐንዲስ ምን እንደተደረገ ጠየቀኝ። የተማርኩት ቋንቋ ሁሉ ጠፋብኝ።

"ሰርግ መስሎት ነው" አልኩት። "አማች አድርጎህ ነው።"

አልሳቀም። ቺንጋውን ፈትቶ በሳሙና አሳጠበ፣ አደረቀ፣ መልሶ አሰረ። ከዚያ አባቴ ፊት ቆሞ መላጣውን ዝቅ አደረገና፣ "አማች ከሆንኩማ እኔንም ይቀቡኝ በያቸው" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይፈጠራል?

አባቴ ባልተያዘው እጁ ቀባው። ቀጥሎ ወደ ካድሬው ዞረ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አማች ተቀብቶ የቤት ልጅ ይቀራል እንዴ?"

ካድሬው የእንግዳውን የሚያብረቀርቅ መላጣ አየ፣ እኛን አየ። የአባቴን ክንድ ለቀቀና ኮፍያውን አወለቀ።

ሞተሩን እንደገና አስነሳሁ። ዘይቱ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጉድ አለ ይላሉ። እኔ አላየሁትም፤ የአባቴን ክንድ ይዤ አለቅስ ነበር።