የአባዬ አጭር ክንድ

መምህር ቀለሙ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኛ ግቢ የተከራየው ሌላ ቤት አጥቶ አይደለም። አባቴን ፍለጋ ነበር የመጣው። ዓመቱ ስልሳ አራት ይመስለኛል፤ ወይ ስልሳ አምስት፣ ድርቁ ሳይከፋ። በሩን አንኳኳና «የአናጢው የየሱፍ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «አባትሽ የመሃል ጣታቸው ጫፍ የለውም የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ቤት ሊከራይ መጥቶ የሰው ጣት የሚጠይቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ምርምሩ ብዙ ላወራ አልችልም። ያየሁትንና እሱ የነገረኝን ነው የምጽፈው። የወረኢሉ ሰው ነው፤ አባቱ ደብተራ ነበሩ። ደሴ ሒሳብ ያስተምራል። ቅዳሜና እሑድ ባለካሬ ደብተሩን ይዞ ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ይለካል፣ መስጊድ ይለካል። መስጊድ ሲገባ እንደኛው እግሩን ታጥቦ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን መቅደሱን አይነካም፤ «እሱን ቄሶቹ ይነግሩኛል» ይላል። ሰዉ ይስቅበት ነበር። «መምህር፣ ለመስጊዱ ሱሪ ሊሰፉለት ነው?» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቅና መለካቱን ይቀጥላል።

የሱ ነገር እንዲህ ነው። በእኛ አገር አንዱ አናጢ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። አባዬ እስላም ነው፤ የሠራቸውን ቤተ ክርስቲያኖች ግን እሱ ራሱ ቆጥሮ አይጨርሳቸውም። መቅደሱን ብቻ አይሠራም። የውጩን ክብ ግድግዳ በገመድ ይለካና ገመዱን ለካህናቱ ይሰጣቸዋል፤ የውስጡን እነሱ ይጨርሱታል። «ይህን ሰው ሁሉ በወሬ ያውቀዋል» ይለኝ ነበር ቀለሙ፤ «እኔ በቁጥር ማሳየት ነው የምፈልገው። ሽማግሎቹ ሲያልቁ ማን ይመሰክራል?»

ብዙ ዓመት ቁጥሩ እየተሰበረ አስቸግሮት ነበር። ግድግዳውን በክንዱ ይለካዋል፤ ሃያ ሁለት ተኩል፣ አሥራ ሰባት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ እንዲህ እንዲህ ይሆንበታል። አናጢ ደግሞ ባልሞላ ክንድ ቤት አይጀምርም። አንድ ቀን ከክንዱ ሁለት ጣት ያህል ቀንሶ ቢለካ ሁሉም ሙሉ ሆነለት። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም፣ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው መስጊድም፣ በዚያው በአጭሩ ክንድ የተሠሩ ናቸው። ማን ሠራው ብሎ ሲጠይቅ፣ ቄሱም ሸኹም «ጣተ ቆራጣው የሱፍ» አሉት።

አባዬ ጣቱን ያጣው ሥራ ሲለምድ ነው፤ መጥረቢያ ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ከክርኑ እስከ ጉራጁ ጣቱ ጫፍ ያለውን ክንድ ብሎ ኖረ። «አላህ ያስቀረልኝ ይሄን ነው፤ በሱው እለካለሁ» ይል ነበር።

ሁለቱ ሲገናኙ እንደ አባትና ልጅ ሆኑ። አባዬ ከወይራ እንጨት በክንዱ ልክ ዱላ ቆርጦ አለሰለሰለት። ቀለሙ በአንድ በኩል የአባዬን ስም በፊደል፣ በሌላው በኩል በዓረብኛ ጻፈበት፤ ዓረብኛውን ያስጻፈው ሼህ ኑርሁሴንን ለምኖ ነው። ዱላው አልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። በዚያ ዱላ አርባ አንድ ቦታ ለካ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ አባዬ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን፣ ወንድሜ በሺር ጋ ወርዶ ማረስ ጀመረ። እኔ ባሌ ሞቶብኝ ብቻዬን ግቢው ውስጥ ቀረሁ፤ ቀለሙም በጓዳው ክፍል።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ ፀሐይነሽ በአጥሩ ቀዳዳ «አሰሳ መጥቷል፣ እናንተ ጋ ሦስት ቤት ነው የቀረው» አለችኝ። ቀለሙ ትምህርት ቤት ነው። ክፍሉ ገባሁ። መጽሐፍ አለ፤ የመምህር ቤት ነው፣ መጽሐፍ ቢኖር ምን ይላሉ። ደብተሩም አለ፤ ደብተርም ለመምህር ነውር አይደለም አልኩ። ዱላው ላይ ግን ዓይኔ ቀረ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ምልክት የተቆረጠበት፣ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያለበት። ይህን ምን ብዬ አስረዳለሁ? አወረድኩት፤ ለሁለት ሰብሬ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። ወይራ ቶሎ አይነድም። በሩ ሲንኳኳ ገና ይጨስ ነበር፤ ድስት ጣድኩበት።

ደብተሩን ይዘው ሄዱ። ቀለሙንም ከትምህርት ቤት ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ስንቅ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደጉ የቀለሙ ተማሪ ነበር፤ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ጥሎታል ይባላል። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ አሳየኝ። ክብ፣ በክቡ ውስጥ ክብ፣ ዙሪያውን ቁጥር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«አርባ አንድ ቦታ። ሁሉም ኮረብታ ላይ። ምሽግ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ካርታ የለም።»

«ቤተ ክርስቲያን ገደል ውስጥ ይሠራል እንዴ ጓድ?» አልኩት፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

አልተቆጣም። ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ስሚ ረሂማ። እሱም የሕንፃ ልክ ነው ብሏል። እሺ ብዬ ራሴ ወጥቼ ለካሁ። የዚችን የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከበር እስከ በር ሃያ አራት ክንድ ይላል። ሃያ ሁለት ተኩል ነው የመጣልኝ። በሜትርም ሞከርኩ። አንዱም አይገጥምም። የማይገጥም ቁጥር ምንድን ነው? ሚስጥር ነው።»

«በአባቴ ክንድ ነው የተለካው።»

«እሱም እንዲህ አለ። ዱላ አለ፣ ራስጌዬ ተሰቅሏል አለኝ። ሰው ላክሁ። ሚስማሩ አለ፤ ዱላው የለም።»

አቃጠልኩት ብል ለምን አቃጠልሽው ይለኛል። አላቃጠልኩም ብል ሰውየው ውሸታም ሆኖ ይሞታል።

«ሐሙስ ጠዋት መኪና ይመጣል» አለ። «ወደ ላይ ነው የሚወስዱት።» በዚያን ጊዜ ወደ ላይ የተወሰደ ሰው ልብሱ እንኳ አይመለስም ነበር።

«አባቴን ባመጣስ?»

«እስከ ሐሙስ ጠዋት እኔ ጋ ነው ያለው። የይለፍ ወረቀት ግን አልጽፍልሽም። ለእስረኛ ቤተሰብ ጻፈ ከተባልኩ ነገ እኔም እዚያው ውስጥ ነኝ።»

ያለ ይለፍ ከደሴ መውጣት አይቻልም። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ መዲና የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ለራሷና ለረዳቷ ለአረጋሽ ወረቀት አላት። «የአረጋሽ እናት ሞታባት ሐዘን ላይ ናት» አለችኝ፤ «ነገ አረጋሽ አንቺ ነሽ።» ረቡዕ ሲነጋ በሽንኩርት መኪና፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወረድን። ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አየና ሻሼን አየ።

«ስምሽ?»

«አረጋሽ።»

«አረጋሽ? እንዲህ ተከናንበሽ?»

መዲና ቶሎ ብላ «እናቷ ክርስቲያን ናት፣ አባቷ እስላም። አንተ የወሎ ሰው አይደለህም መሰለኝ የኔ ጌታ?» አለችው።

«የጎጃም ነኝ።»

«አልኩ እኮ።»

ሌላው ወታደር ሳቀ፤ ወረቀታችንን መለሱልን።

ደጋን ስንደርስ አባዬ ሶላት ላይ ነበር። ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የዱላውንም። «ወይራ ነበር እኮ» አለኝ። ጫማውን አጠለቀ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ለሕክምና ብሎ ይለፍ ጻፈለት። ስንመለስ ኬላው ላይ ሌላ ወታደር «ምንዎን ያምዎታል አባባ?» ሲለው እጁን አወጣለት።

«ይሄ እኮ ድሮ የተቆረጠ ነው።»

«አንተ ስላልታመምከው ነው ልጄ» አለው።

ይሁንና መኪናው ሽንኩርት ጭኖ እስኪጨርስ መሽቶ ነበር። ሰዓት እላፊ ያዘንና ኮምቦልቻ የመዲና ዘመድ ቤት አደርን። ሐሙስ ገና ሲነጋ አቀበቱን ጀመርን፤ መኪናው እየሞቀ ሁለት ጊዜ ቆመብን። ሾፌሩ ውሃ ሲጨምርለት አባዬ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገ ነው። እኔ ዱዓውም ጠፍቶብኛል፤ የምቆጥረው ሰዓት ብቻ ነው።

ቀበሌው በር ስንደርስ እስረኛ የሚወስደው መኪና ቆሟል። ቀለሙ ከኋላ፣ እጁ ታስሮ፣ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። አባዬን አየው። ፊቱን አላየም፤ ክንዱን ነው ያየው።

ደጉ ፊት ወንበር ላይ ያለውን ሰውዬ አንድ ነገር አለው። ሰውየው ሰዓቱን አሳየው። «ፈጠን በሉ» አለን ደጉ፤ ደብተሩን ይዞ፣ አንድ ጠባቂ አስከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አወጣን። «ቁጥሩን ለሽማግሌው የሚነግር ሰው እንዳይኖር» አለ፤ እኔን እያየ።

ቄስ በላቸው ደጀ ሰላሙ ላይ ነበሩ። አባዬን ሲያዩ «የሱፍ፣ አለህ እንዴ? ያ ጣሪያህ ስንት ክረምት አፈሰሰብን፤ አውርደን ቆርቆሮ አለበስነው» አሉት።

«ሣሩን ሳትለውጡ ሃያ ዓመት ትቀመጡና በኔ ታሳብባላችሁ። ግድግዳዬንስ ነካችሁት?» አለ አባዬ። እየሳቀ ነው የጠየቀው፤ እኔ ግን የቄሱን አፍ አፍ አየሁ። ግድግዳው ከተነካ ሁሉም ነገር አለቀ።

«ኖራ ብቻ ነው የቀባነው።»

አባዬ ከአንዱ በር መቃን ጀምሮ ክንዱን ግድግዳው ላይ ያስተኛል፤ ጉራጁ ያረፈበትን በሌላው እጁ ይይዛል፤ ክርኑን እዚያ ያመጣል። ግድግዳው ክብ ነው፤ መሬቱም ቁልቁል ነው። ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥር ሲል ትንፋሹ አጠረ። ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አባዬ ቆመ።

«አሥራ ሰባት ነው ያልኩት ወይስ አሥራ ስምንት?»

ደጉ «እኔ አልነግርዎትም አባባ» አለ።

አባዬ ግድግዳውን ለቀቀና ወደ መጀመሪያው መቃን ተመለሰ። ጠባቂው «ጊዜ የለም» ሲለው፣ «ያንተ ነው እንጂ የኔ አላለቀም» አለውና እንደገና ጀመረ። ይሄኔ ቄስ በላቸው ጎንበስ ብለው ጠጠር ለቀሙ። አባዬ ክንዱን ባስተኛ ቁጥር አንዳንድ ጠጠር እግሩ ሥር ይጥላሉ። ጥሩንባው ሁለተኛ ጮኸ። ቀጠሉ። የመጨረሻው ላይ ጉራጁ የሁለተኛውን በር መቃን ነካ፤ የወረቀት ያህል እንኳ ክፍተት አልነበረም።

ደጉ ወደኋላ ተመልሶ ጠጠሮቹን ራሱ ቆጠራቸው። ሃያ አራት።

«የሰፈራችን መስጊድስ?» አለ። ገጹን እየገለጠ ነበር። መስጊዱ ቁልቁል ሲሄዱ ቅርብ ነው፤ ወደ መካ የሚያየው የቂብላው ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቶሎ አለቀ። አሥራ ስምንት። ደብተሩም አሥራ ስምንት ይላል። እዚያ ጠጠሩን የጣለው ደጉ ነው።

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ደረስን። ደጉ በመስኮቱ በኩል ከሰውየው ጋር ብዙ አወራ። አልሰማንም። የራሱን ክንድ የመኪናው በር ላይ ሲያስተኛ፣ የአባዬን እጅ ሲያሳይ፣ ደብተሩን ሲገልጥ አየሁት። ሰውየው ደብተሩን ተቀበለው፤ አገላበጠው፤ አጠገቡ ወንበር ላይ ወረወረው። ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠ። ቀለሙን ፈትተው አወረዱት። ሦስቱ ሰዎች አልወረዱም። መኪናው ከነሱና ከደብተሩ ጋር ሄደ። እስካሁን የሦስቱን ፊት አስታውሳለሁ፤ ስማቸውን አላውቅም።

ቤት ስንገባ ቀለሙ ቀጥ ብሎ ክፍሉ ገባና ሚስማሩን አየ።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አልኩት። «ጽሑፍ ነበረበት፤ ፈራሁ።»

ሚስማሩን በጣቱ ነካው። ከዚያ «ቢያገኙት ኖሮ እሱን ደብተሩ ላይ ጨምረው ይወስዱት ነበር፤ ሽማግሌውን ማን ያመጣቸው ነበር?» አለ። ሊያጽናናኝ ነው። የአሥራ ምናምን ዓመት ሥራው በመኪና ሲሄድ ዓይኑ እያየ ነው የመጣው፤ እኔን ያጽናናኛል።

አባዬ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። የክፍሉ በር መቃን ላይ ክንዱን አቁሞ ለጠፈና «እርሳስ አምጣ መምህር፤ እኔ ነገ እርሻ አለብኝ» አለ። ቀለሙ ከክርኑ ሥር አንድ፣ ከጉራጁ ጫፍ አንድ መስመር አሰመረ። የታችኛው ትንሽ ጠማማ ነው።

አባዬ በሁለተኛው ዓመት ደጋን ሞተ። ቀለሙ በዚያ መስመር ልክ ሌላ ዱላ አስቆርጦ ከአንድ ብሎ ጀመረ። አንዳንዱ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቶ አገኘው፤ ወደ አንዳንዱ የሚወስደው መንገድ በጦርነቱ ተዘግቶ ነበር። ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ ከአርባ አንዱ ሃያ ስድስቱን መልሶ ለካ። ሁለተኛው ደብተር አሁን እኔ ጋ ነው። የእህቱ ልጅ አትጠገብ በየዓመቱ መጥታ ታየዋለች፤ በደንብ ታነበዋለች፣ ቁጥሩም ይገባታል።

የግቢው ልጆች የዚያን ክፍል በር መቃን ቀለም እንቀባው ይሉኛል። ከላይም ከታችም ቀቡ፣ መሃሉን ተዉት እላቸዋለሁ።