ሁለት ፔዳል ያለው መኪና

ግራ እግሬ መደንዘዝ የጀመረው ከጣቶቹ ነው። ቀስ እያለ ውስጥ እግሬን ያዘ። ሐኪሙ ስኳሩ ነው አለኝ፣ ባዶ እግርህን አትሂድ አለኝ፣ ሌላም ብዙ ነገር አለኝ። እኔ ይዤ የወጣሁት አንዱን ብቻ ነው፤ የሄደው ስሜት ተመልሶ እንደማይመጣ። መደንገጥ ነበረብኝ። አልደነገጥኩም። ዳቦ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ መሪ ከጨበጠው ሰው እኔ ያልጮኽኩበት ጥቂት ነው። «ፍሪሲዮን በዓይን አይታይም፣ በእግር ነው የሚሰማ» እያልኩ ስንቱን አስለቅሻለሁ። አንድ ቀን ለአንዲት ሠልጣኝ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚነሳ ላሳያት ብዬ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ግራ እግሬ ነው፤ ሞተሩ ጠፋብኝ። አስነሳሁት፣ ደግሞ ጠፋብኝ። ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። በሳምንቱ ወገቤን አመመኝ ብዬ ሥራውን ተውኩ። የእግሬን ነገር የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት።

«ተወው በቃ፤ ሳይነዳ የሚኖር ሰው ሞልቷል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ሞልቷል። እኔ ግን ከመንዳት ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ ቤት ስውል የት እንደምቀመጥ እንኳ ግራ ይገባኛል። የቀረኝ አንድ ተስፋ ነበር። ሁለት ፔዳል ብቻ ያለው መኪና ግራ እግር አይፈልግም፤ ቀኜ ደግሞ ደህና ነው። ይህ ካልሆነ መንዳት አበቃ ማለት ነው። መግዛቴ ካልቀረ ደግሞ ፈጣን ይሁን አልኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በሠልጣኝ ፍጥነት ስጓዝ ኖሬያለሁ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አንድ ጓደኛው የሚሸጣቸው ሁለት ያገለገሉ የጀርመን መኪኖች አገኘልኝ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ፈላጊ ሁሉ አገር ውስጥ ያለውን ነው የሚያገላብጠው። ሁለቱም ሲጫኗቸው የሚወነጨፉ ናቸው። የሚለያዩት በካምቢዮ፣ ማርሽ በሚቀይሩበት መንገድ ነው። አንደኛው የተለመደው አውቶማቲክ ነው። የሞተሩ ኃይል ወደ ማርሹ የሚሄደው በዘይት በኩል ስለሆነ ትንሽ ይለግማል፤ ሰልፍ ላይ ሲንፏቀቅ ቢውል ግን ቅር አይለውም። ሁለተኛው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ነው፤ የሚረግጣቸው ግን ራሱ መኪናው ነው። በአንዱ ማርሽ ሲሄድ ቀጣዩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ሲቀይር አይታወቅም። ጉዱ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። እንደ እኛ አገር ሹፌር ፍሬን ሳትይዝ በነዳጅ ብቻ ደግፈህ ካቆምከው ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ደግሞ እዚህ አካባቢ ፈትቶ የሚገጥመው ሰው አላውቅም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ የወጣ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ያስብበታል። እኔም አስቤበት ነበር፤ ልቤ ግን ወደ ፈጣኑ አድልቷል።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንኮበር ወጣን። ስንሄድ እኔ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑን፣ ወንድሟ አውቶማቲኩን፤ ስንመለስ ልንቀያየር። ባለቤቴ ሳልጋብዛት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?»

«መሞትህ ካልቀረ አይቼ ላልቅስ ብዬ ነው።»

ከከተማ ወጥተን ሜዳው ላይ ስጫነው መኪናው ተስፈነጠረ። የድንጋይ ካቡ፣ ባሕር ዛፉ፣ የገብሱ ማሳ ወደ ኋላ ሮጠ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ሌላ ሰው ሲነዳ የማይ ያህል ነበር። ባለቤቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ የሆነ ጸሎት ታነበንባለች።

መንገዱ ወደ አንኮበር መውረድ ሲጀምር የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከተማው ገብተን እንደቆምን ወርጄ ፈረድኩ። «ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቁልቁለቱ ላይም ያቅማማ ነበር። ለጓደኛህ ንገረው፣ ይህን ለማያውቅ ይሽጥ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምንም የለበትም» አለ ወንድሟ። በሙያዬ አልተሳሳትኩም ብዬ ትንሽ ሞቅ አለኝ፤ በዚያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ያ ብቻ ነው። ሻይ ያለ ስኳር ጠጥተን ተነሳን።

ስንመለስ አውቶማቲኩን ያዝኩ። ዳገቱን ሲጀምር ከበደው። «አየሽ፣ ዘይት ነው የሚጎትተው፤ ታማኝ ነው ግን ሰነፍ ነው» እያልኩ ለባለቤቴ አስረዳለሁ። እሷ አፍንጫዋን ሸፈነች። እኔም ሸተተኝ። ያው ሽታ ነው።

ከኋላ ወንድሟ ጡሩንባ ነፋ፣ መብራት አበራ። ቀድሞኝ ገብቶ አስቆመኝና ወደ መስኮቴ መጣ።

«ጋሼ፣ ምነው ፍሬን ይዘው ይነዳሉ?»

«ማን ያዘ?»

«የፍሬኑ መብራት ከዳገቱ ሥር ጀምሮ አልጠፋም። ስንመጣ ቁልቁለት ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ዳገት ላይ ግን ማን ፍሬን ይይዛል?»

ሦስታችንም ወደ ታች አየን። የአውቶማቲክ ፍሬን ሰፊ ነው፣ ሁለት ጫማ ይችላል። ቀኝ እግሬ ረግጦት መኪናውን አቁሟል። አጠገቡ ግራው ተጋድሟል። ወለሉ ላይ ነው ብዬ በማልኩ ነበር። ስንት ዓመት ከሠልጣኝ ጎን ስቀመጥ እግሬ ከአስተማሪው ፍሬን ርቆ አያውቅም፤ ዛሬም በለመደው ሄዷል፣ እኔን ግን አልነገረኝም። ፈራሁ። ከሐኪሙ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ገና ያኔ ፈራሁ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች ባለቤቴ። ሳቅ አልነበረውም አነጋገሯ። ለወንድሟ የእግሬን ነገር ነገረችው። እሱም አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ቶሎ ብሎ፣ «ግራውን ወደ ኋላ አጥፈው ቢይዙትስ? በአንድ እግር የሚነዳ ስንት አለ» አለኝ።

«እሱማ ቀላል ነው» አልኩ። በእርግጥም ቀላል ነው። ከወንበሩ ሥር ሸጉጬ በቀኜ መንዳት ነው።

«ቀኙስ?» አለች ባለቤቴ።

«ቀኙ ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

«ማን አየው? ጫማህን አውልቅ።»

ወንድሟ ፊት ምን አደርጋለሁ፣ በሩን ከፍቼ ወደ ውጭ ዞሬ ተቀመጥኩና ጫማና ካልሲዬን አወለቅኩ። እሷ አስፋልቱ ዳር ተንበረከከች። «ወደ ገደሉ እይ። ስነካህ ንገረኝ» አለች።

ወደ ገደሉ አየሁ። ከቆላው ጉም እየወጣ ነበር፣ አልዩ አምባ በኩል ያለው ሁሉ ተሸፍኗል። ጠበቅኩ። ነፋሱ ጆሮዬን ይቆርጠዋል።

«ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

ዞር ስል የቀኝ እግሬን ጣቶች በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ጨብጣ ይዛለች።